አሮጌው የጌም ኮምፒውተር፦ ይታደስ ወይስ ይሸጥ?

«ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ኮምፒውተሬ አይ5 ነው፣ 8 ጊጋ ራም አለው። ጂቲኤ 5 ስጫወት ይቆራረጥብኛል። ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ፤ ግራፊክስ ካርድ ልግዛበት ወይስ ሸጬው ሌላ ልግዛ?»

ይህ መልዕክት ሰሞኑን በኢንቦክስ የደረሰን ነው። ልጁ በዚሁ ኮምፒውተር ቪዲዮ ኤዲት እያደረገ ትንሽ ገቢም ያገኛል፤ ስለዚህ ውሳኔው ከተበላሸ የሚጎዳው ጨዋታው ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ ጥያቄ ሌሎቻችሁም ስለምትልኩልን መልሱን እዚህ ዘርዘር አድርገን ጽፈነዋል። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ «አይ5» የምትለዋን ነገር እናጥራ። አይ5 መባሉ ብቻውን ምንም አይነግረንም። በ2013 የወጣ አይ5 አለ፣ በ2023 የወጣም አይ5 አለ። ዋናው ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፦ 4590 ከሆነ 4ኛ ትውልድ፣ 8400 ከሆነ 8ኛ፣ 12400 ከሆነ 12ኛ ነው። ትውልዱ ታወቀ ማለት ደግሞ የትኛውን ማዘርቦርድ፣ የትኛውን የራም ዓይነትና የትኛውን ዊንዶውስ እንደሚቀበል ታወቀ ማለት ነው። ልጁን ስንጠይቀው ያለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ሆኖ ተገኘ፤ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ አይ5-4590፣ ዲዲአር3 ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ በኋላ የተጨመረለት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ካርድ።

ቀጥለን የነገርነው «ምንም ከመግዛትህ በፊት ለካው» የሚል ነው። አብዛኛው ሰው ጌም ሲቆራረጥበት በቀጥታ ግራፊክስ ካርድ ፍለጋ ይወጣል። እኛም አድርገነዋል። ከባልደረቦቻችን አንዱ እንዲያውም ካርድ ገዝቶ ቤት ሲደርስ ኬዙ ውስጥ አልገባ አለው፤ ሻጩ ጋ ሲደውል የተሰጠው ምክር «ቆርቆሮውን ትንሽ ቁረጠው» የሚል ነበር።

መለኪያው ነፃ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ ክፍት ትታችሁ ጌሙን 10 ደቂቃ ተጫወቱ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ እዩት። ከዚያ በፊት ግን ጌሙ ውስጥ ያለውን ቪሲንክ እና የፍሬም ገደብ አጥፉ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ያሳስታችኋል። ግራፊክስ ካርዱ ከ95 በመቶ በላይ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ማነቆው እሱ ነው። ካርዱ 50 እና 60 በመቶ ላይ እያለ ጌሙ ከተቆራረጠ ግን አዲስ ካርድ መግዛት ብር መጣል ነው፤ ችግሩ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ ወይም ዲስኩ ጋ ነው። ሌላም ቀላል መሞከሪያ አለ፦ የጌሙን ሪዞሉሽን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ፍሬሙ ከፍ ካላለ ካርዱን ተዉት፣ የሚጎትታችሁ ፕሮሰሰሩ ነው።

የልጁ ውጤት ምን ሆነ? ራሙ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል (ክሮም እና ዲስኮርድ ከኋላ ክፍት ናቸው)፣ ሃርድ ዲስኩ 100 በመቶ፣ ግራፊክስ ካርዱ ግን ገና ትንፋሽ አለው። ማለትም ያጠራቀመውን ሁሉ ሊያወጣበት የነበረው ዕቃ ጥፋተኛ አልነበረም።

ከመግዛት በፊት በነፃ የሚሠሩ ነገሮችም አሉ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉና ክፈቱት። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አውጡት፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። ፕሮሰሰር በጣም ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጌሙ መጀመሪያ ጥሩ ሄዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ መንቀራፈፍ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ሙቀት ነው። ዓመታት የቆየ ቴርማል ፔስት ደርቆ ስለሚሆን መቀየሩ አይከፋም። ራሙ ደግሞ አንድ ቺፕ ብቻ ከሆነ ተመሳሳይ ሁለተኛ ሲጨመርለት መጠኑ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም ያድጋል፣ ሁለቱ በጋራ ስለሚሠሩ።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። እኛ የምንጠቀምበት መመሪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ የምገዛው ዕቃ ወደ ቀጣዩ ኮምፒውተሬ አብሮኝ ይሻገራል ወይስ አሮጌው ውስጥ ይቀራል?

ኤስኤስዲ ይሻገራል። ዛሬ ገዝታችሁ ነገ ኮምፒውተር ብትቀይሩ ነቅላችሁ ትወስዱታላችሁ። ፍሬም አይጨምርም፣ ግን ዊንዶውስ ሲነሳም ጌም ሲከፈትም ልዩነቱ ይታያል፣ በየመንገዱ የሚያቋርጠውንም ይቀንሳል። አሁንም በሃርድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ የምታስነሱ ካላችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ዲዲአር3 ራም አይሻገርም፤ ዲዲአር4 የሚቀበል ማዘርቦርድ ላይ ጭራሽ አይገባም፣ ቀዳዳው ራሱ ይለያል። ያገለገለ ዲዲአር3 በርካሽ ከተገኘ ግን ወደ 16 ጊጋ ማሳደጉ አያስቆጭም።

ግራፊክስ ካርድ ይሻገራል፣ ነገር ግን አሮጌው ቤት ውስጥ መግባቱ ነው ጣጣው። የቢሮ ኮምፒውተሮች ለጌም አልተሠሩም። የኦፕቲፕሌክስ 9020 ትልቁ ኬዝ ይዞት የሚመጣው ፓወር ሳፕላይ 290 ዋት ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም። ማዘርቦርዱም የተለመደውን ባለ 24 ፒን ሳይሆን የዴልን የራሱን ባለ 8 ፒን ስለሚጠቀም፣ ሌላ ፓወር ሳፕላይ ለመግጠም አስማሚ ገመድ ያስፈልጋል። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ ደግሞ የሚቀበለው አጭር ቁመት ያለውን ካርድ ብቻ ነው (የባልደረባችን ቆርቆሮ የመጣው ከዚህ ነው)። እንዲህ ላለው ኮምፒውተር ከስሎቱ በሚያገኘው ኃይል ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው የሚሆነው። ለምሳሌ ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 የሚወስደው 70 ዋት ነው። ልብ በሉ፣ ባለ 8 ጊጋው 3050 ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሌላ ካርድ ነው፣ የኃይል ገመድ ይፈልጋል። ሱቅ ላይ «ሁለቱም ያው ነው» ከተባላችሁ ያው አይደለም።

ስለ ካርድ ካነሳን፣ ጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርዶችን (1050፣ 1060፣ 1070...) አሁን አዲስ ሊገዛ ያሰበ ካለ ይቆይ። ኤንቪዲያ ለእነዚህ ካርዶች ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር በኦክቶበር 2025 አቁሟል፣ የቀረላቸው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። እንደ ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል እና ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ያሉ ጌሞችም ሬይ ትሬሲንግ የሌለውን ካርድ አይቀበሉም። ቀድሞ ላለው ሰው ግን ቫሎራንትም ሲኤስ 2ም ጂቲኤ 5ም አሁንም ይሄዱለታል፤ ስለዚህ በድንጋጤ አትሽጡት።

እና መቆሚያው የት ነው? ማዘርቦርዱ ጋ። ለ4ኛ ትውልድ አይ5 ባለቤት ያለው የመጨረሻ እርምጃ አይ7-4790 ነው፤ እዚያው ሶኬት ላይ ይገባል፣ በርካሽ ከተገኘ ጥሩ እፎይታ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ግን መንገድ የለም። ፕሮሰሰሩን ከዚያ በላይ ለማሳደግ ማዘርቦርድ መቀየር አለበት፣ ማዘርቦርዱ ሲቀየር ራሙ ይቀየራል፣ ፓወር ሳፕላዩና ኬዙም ይከተላሉ። እዚህ ላይ «አፕግሬድ» የሚለው ቃል ቀርቶ አዲስ ኮምፒውተር በክፍያ በክፍያ እየገዛችሁ ነው።

ዊንዶውስም ወደዚያው ይገፋል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል፤ ለተመዘገበ የግል ተጠቃሚ የደህንነት ማሻሻያው የተራዘመው እስከ ኦክቶበር 2026 ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ፣ ከኤኤምዲ ደግሞ ከራይዘን 2000 ጀምሮ ሲሆን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልም ይፈልጋል። «በዘዴ ይጫናል» የሚል ቴክኒሻን አይጠፋም፣ እውነትም ይጫናል። ግን ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ካላገኘ አይነሳም። በዘዴ የጫነው ሰው ጌሙ ሲዘጋበት ነው የሚገባው።

ሁሉም አሮጌ ኮምፒውተር ግን እንዲህ ተዘግቶበታል ማለት አይደለም። በኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት የተሠራ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በ2018 የወጣ ራይዘን 5 2600 እና ቢ450 ማዘርቦርድ ያለው ሰው፣ በ2022 የወጣውን ራይዘን 5 5600 እዚያው ቦርድ ላይ መግጠም ይችላል፤ ራሙም ኬዙም ሳይነካ። አንድ ነገር ብቻ፦ አዲሱ ፕሮሰሰር ከመግባቱ በፊት፣ አሮጌው እያለ፣ የማዘርቦርዱ ባዮስ መታደስ አለበት። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ዩፒኤስ ሳትይዙ አትጀምሩ። የሠፈራችሁን መብራት ከእኛ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ።

«ታዲያ ለምን አዲሱን አንገዛም?» ለሚሉ፣ ጊዜው ክፉ ነው። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ደረጃ ክፉኛ ጨምሯል፤ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ምርቱን እየሻሙት ነው። ማይክሮን የተባለው አምራች ክሩሻል በሚለው ስም ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም በዲሴምበር 2025 አስታውቋል። የእኛ ብር ደግሞ በጁላይ 2024 ገበያ መር ከሆነ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ በሌላ ዋጋ ነው። ዋጋ ያልጻፍነውም ለዚህ ነው፤ ዛሬ ብንጽፈው በሚቀጥለው ሳምንት ትስቁብናላችሁ። ዲዲአር5 የሚፈልግ አዲስ ኮምፒውተር ከመገንባት ይልቅ ራም የተገጠመለት፣ ያገለገለ፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ኮምፒውተር ሙሉውን መግዛት አሁን የተሻለ ይመስለናል። ስትገዙ ጌም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቅ ውስጥ ቢያንስ 15 ደቂቃ አጫውቱት፤ ሻጩ ይህን ካልፈቀደ መልሱን አግኝታችኋል።

ልጁ በመጨረሻ ያደረገው ይህን ነው፦ ኤስኤስዲ ገዛ፣ ያገለገለ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ጨመረ፣ አቧራውን አወጣ። ለካርድ ያጠራቀመውን አብዛኛውን ብር አልነካውም፤ ለኤኤም4 ኮምፒውተር እያስቀመጠው ነው፣ ኤስኤስዲውም ወደዚያ ይሄዳል። «ጂቲኤ 6ስ?» ብሎ ጠይቆናል። ሮክስታር ይህን እስከጻፍንበት ድረስ የነገረን የኮንሶሉን ቀን እንጂ የኮምፒውተሩን አይደለም፤ ላልታወቀ ጌም ዛሬ ካርድ አይገዛም ብለነዋል።

የእናንተንም ማየት እንችላለን። የፕሮሰሰራችሁን ሙሉ ቁጥር፣ የኮምፒውተሩን ወይም የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ የራሙን ዓይነት፣ ፓወር ሳፕላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት እና ጌም እየተጫወታችሁ ያነሳችሁትን የታስክ ማናጀር ፎቶ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። «አይ5 ነው» ብቻ ካላችሁ ግን መልሰን መጠየቃችን አይቀርም።