ለንግሥት የተሠራው ቀዝቃዛ ዶሮ

ዶሮ ቀዝቅዞ፣ ያውም ከፍራፍሬ ጋር ይበላል ሲባል ብዙዎቻችን ፊታችንን እናጨማድዳለን። ለእኛ ዶሮ ማለት የሚንተከተክ ወጥ ነው። እንግሊዞች ግን «ኮሮኔሽን ቺክን» የሚሉት፣ ለዘውድ በዓል ግብዣ የተፈጠረ ቀዝቃዛ የዶሮ ሰላጣ አላቸው።

ነገሩን ያመጣው የወጥ ቤት ጥበት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1953 ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ዘውድ ሲደፉ፣ ከውጭ አገር ለመጡ 350 ያህል እንግዶች በለንደኑ ዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት አዳራሽ ምሳ ተዘጋጀ። እዚያ ያን ሁሉ ሰው ትኩስ ምግብ ማብላት ስለማይቻል፣ ዋናው ምግብ ቀድሞ ተሠርቶ ቀዝቅዞ እንዲቀርብ ተወሰነ። በዚያ ላይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ስምንት ዓመት ቢሆነውም በብሪታንያ ሥጋ ገና በራሽን ነበር፤ ራሽኑ የተነሳው በ1954 ነው።

ኃላፊነቱን የወሰደው የለንደኑ ኮርዶን ብሉ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ነበር። ከመሪዎቹ አንዷ ኮንስታንስ ስፕራይ በአበባ ዝግጅት ስመ ጥር ስለነበሩ ዛሬም ምግቡ የእሳቸው ፈጠራ እየተባለ ይነገራል። የምግብ ባለሙያዋ ግን ባልደረባቸው ሮዝሜሪ ሂውም ነበሩ፤ ምስጋናው በይበልጥ ለእሳቸው ይገባል። አሠራሩ በ1956 በስፕራይ የምግብ መጽሐፍ ታትሞ ወጣ።

ምስጢሩ ያለው ከዶሮው ይልቅ በስጎው ላይ ነው። ዶሮው ከካሮትና ከቅጠላ ቅጠል ጋር በዝግታ ይቀቀልና በመረቁ ውስጥ እንዳለ ይቀዘቅዛል፤ ሥጋው እንዳይደርቅ ነው። ለብቻው ደግሞ ጥቂት ቀይ ሽንኩርት ቀለሙ ሳይለወጥ በዘይት ይለሰልሳል። ካሪ ይጨመርና አብሮ ይቁላላል። ከዚያ የቲማቲም ድልህ፣ ቀይ ወይን ጠጅ፣ ውሃ፣ ሎሚ፣ ጨውና ትንሽ ስኳር ገብቶ ጥቂት ከፈላ በኋላ ይጠለላል። በደንብ ሲቀዘቅዝ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ማዮኔዝ ይገባል፤ ትኩሱን ከጨመሩት ማዮኔዙ ዘይቱን ይተፋል። ፍሬው የሚመጣው አሁን ነው፤ በስሎ የተፈጨ አፕሪኮት፣ አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ። መጨረሻ ላይ በስሱ የተመታ ክሬም ይታከልበታል።

ከዚያ ወዲህ ምግቡ ብዙ ተንገላቷል። ዛሬ በእንግሊዝ ሱቆች ሳንድዊች ውስጥ የሚገኘው፣ ብዙውን ጊዜ ጥሬ ካሪ ማዮኔዝ ላይ ተበትኖ ዘቢብ የተጨመረበት ደማቅ ቢጫ ነገር ነው። ሳይቁላላ ወጥ ውስጥ የገባ በርበሬ ምን እንደሚል የሚያውቅ የእኛ ሰው ጉድለቱን ለመለየት አስተማሪ አያስፈልገውም። ካሪ ውስጥ ያሉት እርድ፣ ድንብላል፣ ከሙንና አብሽም እኮ ከእኛ ጓዳ አይጠፉም።

ቤቱ መሞከር ለሚፈልግ፣ ሥጋው ቶሎ የሚለሰልሰው የፈረንጅ ዶሮ ይሻላል። አፕሪኮት ከጠፋ ማርማላታው ይሠራል፤ ስኳሩን መተው ነው። የበሰለ ማንጎ ፈጭቶ ሎሚ ጠንከር ማድረግም ያዋጣል። ፍሬውን ማብዛት ግን ምግቡን ጣፋጭ ኬክ ያስመስለዋል። የተቀላቀለው ሰላጣ እስኪቀርብ ድረስ ከፍሪጅ አይውጣ፤ ከሁለት ቀን በላይም አያሳድሩት።