ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚያስከትላቸው የጤና ችግሮች እና በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ያሉ ነዋሪዎች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

በወሎ ምድር ውፍረት ለረጅም ዘመን የምቾትና የጤንነት ምልክት ሆኖ ሲታይ ቆይቷል። ድርቅና ረሃብ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ክፉኛ የጎዳው ሕዝብ መክሳትን መፍራቱ፣ «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» የሚለውንም ንግግር እንደ ምርቃት መቀበሉ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ከልክ ያለፈ ውፍረት በራሱ ለብዙ ሕመሞች መነሻ መሆኑ በሕክምናው ዘርፍ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ይህ አመለካከት በመረጃ ሊታረም ይገባዋል።

ችግሩ የባለጸጋ አገሮች ብቻ ነውን?

አይደለም። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ክልል ካሉ ሴቶች ውስጥ ከመጠን በላይ ክብደት ወይም ውፍረት ያለባቸው 3 በመቶ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 8 በመቶ አድጓል። በከተማ የሚኖሩ ሴቶች 21 በመቶ ሲደርሱ፣ በገጠር ያሉት ግን 4 በመቶ ነበሩ። ይህ ልዩነት የአኗኗር ለውጥ ያለውን ድርሻ ያመለክታል። በአምባሰል ተራሮች ወጥቶና ወርዶ፣ አርሶና ውኃ ቀድቶ የሚውል ሰው የተመገበውን በሥራ ያቃጥለዋል። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት በሐይቅና በውጫሌ ከተሞች ግን በሱቅና በቢሮ ተቀምጦ መዋል፣ አጭሩን መንገድ በባጃጅ መሄድ፣ በዘይት የተጠበሱ ምግቦችንና ለስላሳ መጠጦችን ማዘውተር የተለመደ ሆኗል። በአንድ ቤት ውስጥ በምግብ እጥረት የቀነጨረ ሕፃንና ከልክ በላይ የወፈረች እናት ሊገኙ የሚችሉትም ውፍረት ከጥሩ አመጋገብ ጋር አንድ ባለመሆኑ ነው።

ውፍረት ከልክ ማለፉ እንዴት ይታወቃል?

የአዋቂ ሰው ክብደት በኪሎ ግራም ተወስዶ፣ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ውጤቱ ከ25 እስከ 29.9 ከሆነ ከመጠን በላይ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ውፍረት ይባላል። ለምሳሌ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝንና ቁመቷ 1.58 ሜትር የሆነ ሴት ውጤቷ 28.8 ስለሚሆን ክብደቷ ከመጠን በላይ ነው። ይህ ስሌት ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለሕፃናት አያገለግልም።

የወገብ ልክም ተጨማሪ መረጃ ይሰጣል። በልብስ ሰፊ ሜትር ሲለካ የሴት ወገብ ከ80፣ የወንድ ወገብ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው ስብ ለጤና አስጊ መሆን መጀመሩን ያሳያል።

የሚያስከትላቸው ሕመሞች

በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር ሥራውን በአግባቡ እንዳያከናውን ያደርጋል። በዚህም የተነሳ በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ከፍ ስለሚል ሰውየው ለዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ይጋለጣል። የደም ግፊት ይጨምራል፤ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ የልብ ሕመምና በአንጎል ውስጥ የሚከሰት የደም ዝውውር መቋረጥ (ስትሮክ) ሊከተል ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ እንዲሁም የአንጀት፣ የማኅፀንና ካረጡ በኋላ የሚከሰት የጡት ካንሰር ከውፍረት ጋር ይያያዛሉ። በእርግዝና ወቅት ደግሞ የደም ግፊትና የስኳር መጠን መጨመር እናትንም ጽንስንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ከሁሉም የሚከፋው የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ለዓመታት ምልክት ሳያሳዩ መቆየታቸው ነው። ብዙ ሰው ሕመሙን የሚያውቀው ኩላሊቱ፣ ዓይኑ ወይም ልቡ ከተጎዳ በኋላ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

ክብደትን በአንድ ጊዜ ለመቀነስ መሞከር አስፈላጊ አይደለም። ከላይ በምሳሌ የተጠቀሰችው ሴት ከክብደቷ 5 በመቶ፣ ማለትም 3.6 ኪሎ ግራም ብትቀንስ እንኳ የደም ግፊቷና የስኳር መጠኗ ሊሻሻል ይችላል። ለዚህም የሚከተሉት ይመከራሉ፦

• በማዕድ ላይ የእንጀራውን መጠን ቀንሶ ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላና ሌሎች አትክልትና ጥራጥሬዎችን ማብዛት፤ ከሐይቁ የሚገኘውን ዓሣ ከመጥበስ ይልቅ በወጥ ወይም በቅቅል መልክ መመገብ፤
• በወጥ ላይ የሚጨመረውን ዘይትና ቅቤ በማንኪያ እየለኩ መጠቀም፤ በቀን የሚወሰደውን ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ማድረግ፤
• በሻይና በቡና ላይ የሚጨመረውን ስኳር መቀነስ፤ ለስላሳ መጠጥን በውኃ መተካት፤
• በጾም ወራትም ሆነ በረመዳን፣ ቀኑን በጾም ካሳለፉ በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብና ጥብሳ ጥብስ ከመመገብ መቆጠብ፤
• በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ለምሳሌ በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀናት ፈጠን ብሎ በእግር መጓዝ።

በገበያ የሚሸጡ የማክሻ መድኃኒቶችንና ሻዮችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ለጉዳት ስለሚዳርግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ሳይፈልጉትና ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስም የሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ዕድሜዎ 40 ዓመት ከሞላ፣ የወገብዎ ልክ ከተጠቀሰው ካለፈ ወይም በቤተሰብዎ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ካለ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ በመሄድ ክብደትዎን፣ የደም ግፊትዎንና የስኳር መጠንዎን ይለኩ። በገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ነዋሪዎች በጤና ኬላ የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ማማከር ይችላሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል። ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ ታካሚው የሪፈር ወረቀት ተሰጥቶት እስከ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድረስ ሊላክ ይችላል። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ሕመሙ የቀለለው ቢመስለውም እንኳ ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።