ቀይዋ ነጥብ ስትቆም

ልጄ ባሕር ዳር የመርከብ መሐንዲስነት ሥልጠናውን ጨርሶ በውጭ ኩባንያ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ ከተቀጠረ ወዲህ፣ ሆርሙዝና ባብ ኤል መንደብ እንደ ሰፈሬ ስም ቀለውኛል። እንደ እኔ ልጃቸውን ወይም የልጅ ልጃቸውን ባሕር ላይ ያሰማሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉምና፣ ስልኬ ላይ ያለውን የመርከብ መከታተያ ካርታ እንዴት እንደማነብ ላካፍላችሁ።

ልጃችሁን መጀመሪያ የመርከቢቱን አይኤምኦ ቁጥር ጠይቁት። ተመሳሳይ ስም ያላቸው መርከቦች ብዙ ናቸው፤ ይህ ባለ 7 አኃዝ ቁጥር ግን ብትሸጥም ሆነ ስሟና ባንዲራዋ ቢቀየር አይለወጥም። ቁጥሩን ስታስገቡ መጠኗና የተሠራችበት ዓመት ይወጣሉ። የልጄ መርከብ ከግዙፎቹ ወገን ናት፤ ርዝመቷ 330 ሜትር፣ ወርዷ 60 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 2 ሚሊዮን በርሜል ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ትይዛለች። አያቱ ይህን ሲሰሙ «ሦስት የኳስ ሜዳ ተቀጣጥሎ ይንሳፈፋል በሉኛ!» አሉ። ሒሳባቸው ልክ ነው።

በካርታው ላይ ነዳጅ ጫኞች ቀይ ናቸው። ምልክቱን የሚልከው ኤአይኤስ የሚባል የሬዲዮ መሣሪያ ነው፤ መርከቢቱ ስትጓዝ ያለችበትን ቦታ፣ ፍጥነቷንና አቅጣጫዋን በየጥቂት ሰከንዱ ይናገራል። የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ70 ወይም 80 ኪሎ ሜትር ብዙ የራቀውን አይሰሙም። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚይዘው ሳተላይት ነው፤ እሱ ደግሞ በአመዛኙ ይከፈልበታል። ስለዚህ በነፃ ለምናይ ሰዎች፣ ውቅያኖስ መሐል የገባች መርከብ ነጥቧ ለቀናት ባለበት ይቆማል። መርከቢቱ ግን እየሄደች ነው። ከመደንገጣችሁ በፊት የመጨረሻው ምልክት የደረሰበትን ሰዓት ተመልከቱ።

ቀይ ባሕር ላይ ነገሩ ይለያል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. «ሱኒዮን» የተባለችው የግሪክ ነዳጅ ጫኝ 1 ሚሊዮን በርሜል ያህል እንደያዘች በሁቲዎች ተመትታ ለሳምንታት ነድዳለች፤ መርከበኞቿ በጦር መርከብ ተወስደው ጅቡቲ በሰላም ገቡ። በእንዲህ ያለ አካባቢ ካፒቴኑ ለደኅንነት ሲል መሣሪያውን ሊያጠፋ ይፈቀድለታል። የሳተላይት አቅጣጫ ምልክት ሲታወክም መርከቢቱ የብስ ላይ ቆማ ልትታይ ትችላለች።

እኔን ከሁሉ የጠቀመኝ ከውኃ በታች ያለውን ጥልቀት የሚያሳየው አኃዝ ነው። ባዶ ስትሆን 10 ሜትር ገደማ ነው፤ ጭና ስትወጣ ከ20 ያልፋል። መርከበኞች በእጅ የሚያስገቡት ስለሆነ አንዳንዴ ይዘገያል። ከፍ ሲል ግን ረጅሙ ጉዞ መጀመሩን አውቃለሁ፤ ስልኩም ይጠፋል።

የመርከቢቱን ስም እዚህ አልጻፍኩም፤ እናንተም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። የቀጣሪውን ኩባንያ የቤተሰብ አደጋ ጊዜ ስልክ ግን ልጁ ሻንጣውን ሳይዘጋ ተቀበሉት። የእኛ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፣ አያቱ እንዲያነቡት በትልልቁ ተጽፎ።