ስቴንት ካላችሁ፣ የደረት ሕመምን «ድካም ነው» አትበሉ

ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ፣ እኛው ሕንጻ ላይ የምትሠራ ታላቅ እህታችን ልቧ ላይ ስቴንት ተደርጎላት ነበር። «ድኛለሁ» ብላ ሥራ ገባች። ከወራት በኋላ ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ጨምድዶ ይይዛት ጀመር። ማዳሟ «ድካም ነው» አለቻት። እሷም አምና ዝም አለች።

እህቶቼ፣ ስቴንት የጠበበውን የልብ ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ነው። ውስጡ ሥጋ አድጎ መልሶ ሊጠብ ይችላል። ይሄም ሕክምና አለው። ሐኪሙ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል፣ መድኃኒት የተቀባ ፊኛ አስገብቶ የጠበበው ቦታ ላይ ይነፋዋል። ፊኛው መድኃኒቱን ደም ስሩ ግድግዳ ላይ ትቶ ይወጣል፤ ተጨማሪ ብረት አይቀርም። መድኃኒቱ ሥጋው ቶሎ እንዳያድግ ያግዛል። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም፤ አንዳንዴ ሌላ ስቴንት ይመረጣል። «ለኔ የቱ ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

እህታችን በመጨረሻ ሆስፒታል ስትሄድ ስለ ስቴንቷ የሚገልጸው ካርድ ማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ሐኪሞቹ ምን ዓይነት ስቴንት፣ መቼ እንደገባላት ማወቅ አልቻሉም። እግዜር ይመስገን ተረፈች። እናንተ ግን፦

• የሕክምና ወረቀታችሁ የራሳችሁ ነው። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።
• አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ከታዘዘላችሁ ሐኪም ሳያማክራችሁ አታቋርጡ። ክኒኑ ሊያልቅ ሲል ቀድማችሁ ተናገሩ።
• ሕመሙ ስታርፉም ካልተዋችሁ፣ ካላበችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ፈቃድ አትጠብቁ፤ አምቡላንስ ጥሩ። ሊባኖስ 140፣ ሳውዲ 997፣ ኢምሬትስ 998፣ ኩዌት 112።