ለሐኪም የተነገረ ምሥጢር በችሎት ፊት

የተደፈረች ሴት ለሐኪሟ ወይም ለመካሪዋ በዕንባ የገለጸችው ምሥጢር፣ ነገሩ ወደ ችሎት በደረሰ ጊዜ፣ ለተከሳሹ ጠበቃ ተላልፎ ሊሰጥ ይገባልን? ይህ ጥያቄ በካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 የተመረመረው፣ የቀድሞው የአዳሪ ትምህርት ቤት አለቃ ጳጳስ ሂዩበርት ኦኮነር በሴቶች ላይ በደል አድርሰዋል ተብለው ተከሰው፣ ጠበቆቻቸው የተበዳዮቹ የሕክምና፣ የምክርና የትምህርት ቤት መዝገብ ሁሉ ይቅረብልን ባሉበት ክርክር ነበር፤ ብዙኃኑ ዳኞችም መዝገቡን ለማግኘት ሰፋ ያለ በር ከፈቱ።

ፓርላማው ግን በ1997 ሕግ አውጥቶ በሩን አጠበበው፤ ከዚያ ወዲህ ጠያቂው በጽሑፍ ያመለክታል፣ ክርክሩ በዝግ ችሎት ይሰማል፣ መዝገቡ የሕክምና መሆኑ ወይም የምስክሯን ታማኝነት ሊነካ ይችላል መባሉ ብቻውን አይበቃም፤ ዳኛውም አስቀድሞ መዝገቡ ለእርሱ ብቻ መቅረብ ይገባው እንደሆነ ይወስናል፣ መርምሮም ለፍትሕ የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ለተከሳሹ ይፈቅዳል።

ጥንቃቄው በዛ የሚል ሰው፣ «ምናልባት ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» ብላ ራሷን የወቀሰችበትን ቃል፣ ያውም መካሪዋ ባጭሩ የከተበችውን፣ በጠበቃ አንደበት እንደ ኑዛዜ ሲነበብ ያስበው። የተከሳሽ የመከላከል መብት ክቡር መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ያው ፍርድ ቤት በ1999 ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይፃረርም ሲል አጽንቶታል።