ስምንት ሲኒ ቡናና የቀጨኔ በሮች

ቀጨኔ የጀበና ሰፈር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው በዚህ የጉለሌ መንደር ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ከሴቶቹ እጅ የወጣው ጀበና፣ ምጣድና ድስት በየገበያው ይሸጣል። ለሳይኮሎጂ ጀማሪ ተማሪ የሚሆን ጥሩ የምርምር ጥያቄም እዚሁ ይገኛል፦ «በሸክላ ጀበና የፈላ ቡና ጣዕሙ ሌላ ነው» የሚል ሰው ጀበናውን ሳያይ በምላሱ ብቻ ይለየዋል?

ፈተናው ቀላል ነው። ስምንት ሲኒ ይቀርባል፤ አራቱ ከሸክላ ጀበና፣ አራቱ ከብረት ጀበና የተቀዱ። ጠጪው አራት አራት መሆናቸውን ያውቃል፤ ሥራው የሸክላዎቹን አራት ለይቶ ማውጣት ነው። ከስምንት ሲኒ አራቱን መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 70 ናቸው። ምንም የማይለይ ሰው በግምት ብቻ አራቱንም የማግኘት ዕድሉ ከ70 አንድ ነው፤ 1.4 በመቶ ገደማ። አራቱን ካገኘ ግምት ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ሦስቱን ብቻ ቢያገኝስ? ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ከአራት ሦስት!» ብሎ ያጨበጭባል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። በግምት ሦስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል ከ70 አሥራ ሰባት፣ ማለትም 24 በመቶ ነው። ምንም ሳይለዩ ከሚገምቱ አራት ሰዎች አንዱ ገደማ ይህን ያህል ያገኛል። ተማሪው በኋላ ኮምፒዩተር ላይ የሚያየው «ፒ ቫልዩ» የሚባለው ቁጥር የሚነግረው ይህንኑ ነው፤ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ውጤት በአጋጣሚ የሚገኘው ስንት ጊዜ ነው?

ሐሳቡ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወተት ከሻይ በፊት ይግባ በኋላ እለያለሁ ያለችን አንዲት ሴት በስምንት ሲኒ ሻይ እንዴት መፈተን እንደሚቻል አሳየ። ሻዩን በቡና መተካት ሒሳቡን አይነካውም፤ ዝግጅቱን ግን ያከብደዋል። ቡናው አንድ ላይ የተቆላ መሆን አለበት። ሁለቱም አቦል መሆን አለባቸው፤ ሸክላው አቦል ብረቱ ቶና ከሆነ ጠጪው የለየው ጀበናውን ሳይሆን ቅጥነቱን ነው። ሙቀታቸው እኩል ይሁን፣ ሲኒዎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ የአቀራረቡ ተራ በዕጣ ይውጣ። ሲኒውን የምታቀርበው ሴትም የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ ባታውቅ ይመረጣል፤ ፊቷ መልሱን ሊናገር ይችላል።

ብዙ ተማሪ ወደ ሳይኮሎጂ የሚመጣው ከሶሻል መስመር፣ ከሒሳብ ተገላገልኩ ብሎ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ስለ ትውስታ፣ ስለ ሕልም፣ ስለ ስብዕና እያወራ ያስደስተዋል። ቆይቶ ስታቲስቲክስ ሲመጣ አማካይ፣ መደበኛ ልይይት፣ ቲ-ቴስት እያለ ደብተሩን ይሞላዋል። ኮርሱን የሚያስተምሩ ሰዎች ግን የተማሪው ፍርሃት ቦታውን እንደሳተ ያያሉ። ቲ-ቴስቱን ኤስፒኤስኤስ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሴኮንድ ይሠራዋል። ጥናቱን የሚያበላሸው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከዚያ በፊት፣ ቶናው ከአቦሉ ጋር በተቀላቀለበት ሰዓት ነው።

አሁን ጥያቄው ይክበድ። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ሸማኔ በእጅ ሙያቸው ሲናቁ፣ «ቡዳ» ሲባሉ የኖሩበት ታሪክ አለን፤ ቀጨኔም ይህን በደንብ ያውቃል። አንድ ተማሪ «መገለል የአእምሮ ጭንቀትን ያመጣል ወይ?» ብሎ ተነሣ እንበል። ሲኒን በዕጣ መደልደል ይቻላል፤ ሰውን ግን ግማሹን ለመገለል፣ ግማሹን ለመከበር በዕጣ መመደብ አይቻልም። የቀጨኔን ሸክላ ሠሪ ከቦሌ የባንክ ሠራተኛ ጋር ቢያነጻጽር ድህነቱ፣ ጠባቧ ቤት፣ ጭሱና መገለሉ በአንድ ላይ ይመጡበታል። ገቢዋና የቤቷ ሁኔታ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር የሚቀራረብ፣ ሙያዋ ግን ሌላ የሆነ ጎረቤት መፈለግ አለበት። ያኔም ቢሆን የሚያገኘው ተዛምዶ ነው፤ መንስኤውን ለመናገር ገና ይቀረዋል።

ጭንቀቱስ በምን ይለካል? በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት አንዱ መለኪያ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ነው፤ መልሱ «አዎ» ወይም «የለም» ነው። ራስ ምታት አለብዎት? ቶሎ ይደክምዎታል? እያለ ይጠይቃል። ሸክላ ሲተኮስ ጭስ ውስጥ የምትውል፣ ጭቃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት ለሁለቱም «አዎ» ብትል ምን ተለካ፣ ጭንቀቷ ወይስ ሥራዋ? መለኪያው ለካሁ የሚለውን ነገር በእርግጥ መለካቱ የሚጠየቀው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ በአገራችን በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የወጣው የኤዲንብራ መጠይቅ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀትን ለመለየት በዓለም ዙሪያ ያገለግላል። በቡታጅራ ገጠር ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት መጠይቁ እዚያ ደካማ መሆኑን አሳየ፤ በአዲስ አበባ እናቶች ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ደግሞ ጥሩ መሥራቱን። አገሩ አንድ ነው፣ መጠይቁም አንድ ነው። ቀጨኔ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ብቻ የከተማው ውጤት ይሠራለታል ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ከዚያ የናሙና ጉዳይ ይመጣል። ተማሪዎች ሰፈር መሐል ቆመው እስክሪብቶ ያሽከረክሩና ጫፉ ባመለከተው አቅጣጫ ቤት ለቤት ይሄዳሉ። በቀጨኔ ቅያስ ይህ አካሄድ ተማሪውን ቶሎ ወደ ሰፊው መንገድ ይመራዋል፤ ጓዳ ለጓዳ የተጣበቁት ቤቶች ይቀራሉ። ረፋድ ላይ ከሄደ ገበያ የወጣችውን ሴት አያገኛትም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ከገባ ደግሞ ለእርዳታ የሚመዘግብ ወይም ከወረዳ የመጣ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ መልሱም እንደዚያው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በቡታጅራ የተጀመረው የአእምሮ ሕመም ጥናት ይህን ችግር የተወጣው በልፋት ነው። የሆስፒታል ካርድ ከመቁጠር ይልቅ መረጃ ሰብሳቢዎች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት ሄደው አጣሩ፤ የአካባቢውን አዋቂዎችም «የታመመ ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሆስፒታል ድረስ የሚመጣውን ብቻ የሚቆጥር ሰው በየቤቱ የቀረውን አያይም። በዓለም አቀፍ ደረጃም ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የታወቀ ጽሑፍ እንዳመለከተው በሳይኮሎጂ ጥናቶች ከተሳተፉት 96 በመቶው የመጡት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶውን ብቻ ከያዙ አገሮች ነው።

ለዚህ ነው በመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ላይ ልምድ ያለው ፈታኝ ሠንጠረዦቹን አልፎ መጀመሪያ የጥናቱ ዘዴ የተጻፈበትን ምዕራፍ ሦስትን የሚገልጠው። ስንት በር ተንኳኳ? ስንቱ ተከፈተ? ማን ጠየቀ፣ በምን ሰዓት? ለምሳሌ ከ120 በር 31ዱ ዝግ ነበር ተብሎ ከተጻፈ፣ የሚቀጥለው ጥያቄ ስለ 31ዱ ይሆናል። ገበያ የዋሉት ሸክላ ሠሪዎች ከሆኑ፣ ጥናቱ ሊያገኛቸው የወጣው ሰዎች እነርሱው ነበሩና ተማሪው መጠይቁን ይዞ ማታ ማታ እንደገና ቀጨኔ መውጣት ይኖርበታል።