ሞላሰሱን የሚበላው ማን ነው?

ጓሮ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች የአፈር ባለሙያ ሲያገኙ ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የሞላሰስ ነገር ነው። «ለአንድ ባልዲ ውሃ ስንት ማንኪያ ልጨምር?» ይላሉ። ከመጠኑ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ አፈሩ ላይ ያፈሰስነውን ሞላሰስ የሚበላው ማን ነው? ተክሉ አይደለም። ጎመኑም ቲማቲሙም የሚያስፈልገውን ስኳር ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውሃ በቅጠሉ ራሱ ይሠራል። እንዲያውም ከሠራው ላይ ቀንሶ በሥሩ በኩል ወደ አፈር ያፈሳል፤ በሥሩ ዙሪያ የሚርመሰመሱት ረቂቅ ተሕዋስያንም የሚቀለቡት ከዚያ ነው። ለተክል ስኳር ማጠጣት ለንብ ማር ይዞ እንደ መሄድ ነው። ሞላሰሱን የሚበሉት ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች ናቸው። እነሱን መቀለብ ደግሞ ሁልጊዜ ተክሉን መቀለብ አይሆንም። አንዳንዴ እንዲያውም ተክሉን ማስራብ ይሆናል።

ሞላሰስ ወንጂንና መተሐራን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች የሸንኮራ አገዳውን ጭማቂ ደጋግመው አፍልተው፣ ስኳሩን ለይተው ካወጡ በኋላ የሚተርፍ ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ከ100 ኪሎ አገዳ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይገኛል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ አሁንም ስኳር ነው፤ ፋብሪካው ወደ ቅንጣት ሊለውጠው ያልቻለው ስኳር። ፖታሲየሙ ከ3 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል፤ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ጥቂት ብረትም አለው። ናይትሮጅኑ ግን 1 በመቶ አይሞላም፣ ፎስፈረሱ ከዚያም ያንሳል። የማዳበሪያ ከረጢት የምንገዛው በዋናነት ለእነዚህ ለሁለቱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መጠን ለ10 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ነው እንበል። 2 ማንኪያ ሞላሰስ 40 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስኳሩ 20 ግራም፣ በስኳሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ደግሞ 8 ግራም ገደማ ነው። ባልዲው 4 ካሬ ሜትር መደብ ቢያጠጣ ለአንዱ ካሬ ሜትር 2 ግራም ካርቦን ይደርሰዋል። የዚያ ካሬ ሜትር የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ግን ወደ 240 ኪሎ ይመዝናል፤ የካርቦን ይዘቱ 2 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ 4,800 ግራም ካርቦን አለው። በ4,800 ላይ 2 ጨመርን ማለት ነው። ከጨመርነውም ውስጥ ብዙው በጥቂት ቀናት ተበልቶ በተሕዋስያኑ ትንፋሽ ወደ አየር ይመለሳል። «ሞላሰስ አፈርን ያበለጽጋል» የሚለው አነጋገር ይህን ቁጥር አይችለውም። ፖታሲየሙም ቢሆን ለ4 ካሬ ሜትር አንድ ግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ከምድጃ የተዛቀ ሁለት እፍኝ የእንጨት አመድ ከዚያ የበለጠ ይሰጣል። (አመድ አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበት ደጋ እንጂ ጨዋማ በሆነው የስምጥ ሸለቆ መሬት አይመከርም።)

«ታዲያ መጠኑን ብንጨምርስ?» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ከብት አድላቢዎች ከአትክልተኞች ቀድመው ያወቁት ነገር አለ። ሞላሰስን ለበሬ የሚሰጥ ሰው ከጥቂት ዩሪያ ጋር ነው የሚቀላቅለው፤ በጨጓራው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን በስኳሩ ለመባዛት ናይትሮጅን ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ከዚህም የተነሳ የዩሪያና የሞላሰስ ጡብ ተሠርቶ ከብት ይልሰዋል። የአፈርም ሆድ እንደዚሁ ነው። ባክቴሪያ ሰውነቱን ሲገነባ ለ8 ክፍል ያህል ካርቦን 1 ክፍል ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ሞላሰሱ ግን ለ1 ናይትሮጅን ከ40 በላይ ካርቦን ይዞ ነው የሚመጣው። የጎደለውን ከየት ያመጣል? ከአፈሩ፣ የጎመኑ ሥር ሊወስደው ከተዘጋጀው ላይ። ምልክቱ ከታች ይጀምራል፤ ተክሉ ያለውን ናይትሮጅን ለአዲሱ እንቡጥ አሳልፎ ሲሰጥ አሮጌዎቹ የታችኛው ቅጠሎች ይገረጣሉ። ተሕዋስያኑ ሲሞቱ ናይትሮጅኑ ይመለሳል መባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን የሚመለሰው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በሁለት ወር የሚነሳ ሰላጣ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የለውም። ስለዚህ ትንሹ መጠን አይጎዳም፤ ግን የማይጎዳው ስለማይሠራ ነው። ትልቁ መጠን ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ያልፈለግነውን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቅጠሉ ጠቆረ» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ዋሹ አልልም። ግን ሞላሰስ ብቻውን የሚሰጥ ሰው ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ከፍግ ውሃ፣ ከኮምፖስት ወይም ኢኤም ከሚባለው የተሕዋስያን ቅልቅል ጋር ነው የሚረጨው። ኢኤምን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ቴሩዎ ሂጋ ኦኪናዋ ላይ አስተዋወቁት፤ የሚባዛውም በሞላሰስ ነው። በስዊዘርላንድ ዙሪክ አቅራቢያ ለአራት ዓመታት በተካሄደ የመስክ ሙከራ ተመራማሪዎች ሕያው ኢኤምን በሙቀት ከገደሉት ጋር ጎን ለጎን አወዳድረዋል። የታየው ለውጥ የመጣው አብሮ ከተጨመረው፣ ቦካሺ ከሚባለው የፈላ ብስባሽ እንጂ ከተሕዋስያኑ አልነበረም። እንግዲህ ጎመኑን ያጠቆረው ፍጉ ሊሆን ሲችል ምስጋናውን የወሰደው ሞላሰሱ ነው። ስለ ፍግ ውሃው ሳልናገር የማላልፈው ማስጠንቀቂያም አለኝ። ኮምፖስት በተዘፈዘፈበት ውሃ ላይ ሞላሰስ ሲጨመር፣ በውስጡ ጥቂት ኢ. ኮላይ ወይም ሳልሞኔላ ካለ እንደሚራባ በምርምር ታይቷል። ስኳር ደጉን ከክፉው አይመርጥም። ጥሬውን በሚበላ ሰላጣ ወይም ቃሪያ ላይ እንዲህ ያለ ውሃ መርጨት በልጆች ጤና መጫወት ነው።

ሌላው ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው የብራዚል ልምድ ነው፤ እዚያ የአልኮል ፋብሪካ ዝቃጭ በአገዳ ማሳ ላይ ይፈሳል፣ ማሳውም ይጠቀማል። እውነት ነው። ግን ዝቃጩ ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጦ ከወጣለት በኋላ የቀረው ነው፤ አገዳውን የሚጠቅመው በዋናነት ፖታሲየሙ ነው። ሞላሰስ በእርግጥ በስኳሩ ታላቅ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ግን አለ፣ እሱም ተክል በሌለበት መሬት ነው። በጃፓንና በኔዘርላንድስ ተጀምሮ ፍሎሪዳ ድረስ በደረሰው ዘዴ፣ መሬቱ በሞላሰስ ውሃ እስኪጠግብ ይርሳል፣ በላስቲክ ይሸፈናል፣ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ተሕዋስያኑ በስኳሩ ተነቃቅተው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ፤ አሲድ ይፈጠራል፤ ሥር የሚያሳብጡ ትሎችና የሚያጠወልጉ ሻጋታዎች ታፍነው ይቀንሳሉ። ከዚያ ላስቲኩ ተነስቶ መሬቱ ሲተነፍስ ይተከላል። ቲማቲሙ በየዓመቱ ለሚጠወልግበት ሰው ይህ ሊሞከር የሚገባው ነው። ያው ሞላሰስ ሥሩ በሚተነፍስ ተክል ላይ በብዛት ቢፈስ ምን እንደሚያደርግም ከዚሁ መረዳት ይቻላል።

ናይትሮጅን በተረፈበት ቦታ ደግሞ ሞላሰስ በሙሉ ልብ ይመከራል። እንደ ቢሾፍቱ ዶሮ በብዛት በሚረባበት አካባቢ የዶሮ ኩስ ሞልቷል፤ ኩሱ ትኩስ ሳለ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ አሞኒያ ነው፣ ማለትም ወደ አየር እየሸሸ ያለ ማዳበሪያ። ኩሱን ከጭድ ጋር በስስ በስሱ ደርቦ፣ አንድ ሊትር ሞላሰስ በ20 ሊትር ውሃ በጥብጦ በየድርቡ ማርከፍከፍ ነው። ተሕዋስያኑ ስኳሩን እየበሉ የሚሸሸውን ናይትሮጅን በሰውነታቸው ይይዙታል። እርጥበቱ ልክ የሚሆነው ክምሩን ጨብጠው ሲጨምቁት በጣት መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ሲታይ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አየር ያጣል፣ ይሸታል። በየሳምንቱ ይገላበጣል። መስንፈጡ ሲቆም ስኳሩ ሥራውን ጨርሷልና ሌላ አይጨመርበትም። በጀሪካኑ የተረፈው ወደ ጎመኑ ሳይሆን ወደ ላሟ ይሂድ፣ እበቷ ወደ ጎመኑ ይመጣል።